ሥርዐቱን የሳተ የልብ ትርታ

ከደብረ ወርቅ ወደ ዓባይ ቆላ የሚወርድ ሰው ወባን ይፈራል። ለወባም የሚሰጠውን ኪኒን የተባለውን መራራ መድኃኒት ስሙን ያልሰማ የለም፤ ዛሬ ማናቸውንም የሚዋጥ መድኃኒት «ክኒን» ብለን የምንጠራውም ከዚሁ ስም የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ ይህ የወባ መድኃኒት ስለ ልብ ሕመም ታላቅ ትምህርት የሰጠ መሆኑን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። ታሪኩን እነሆ እንነግራለን፤ ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1912 ዓ.ም. አንድ የሆላንድ ነጋዴ ቬንከባኽ ወደ ተባለ ሐኪም ቀርቦ፣ የልቡ ትርታ አልፎ አልፎ ሥርዐት እንደሚያጣ፣ ኪኒን በዋጠ ጊዜ ግን እንደሚስተካከል ነገረው። ሐኪሙ ተጠራጠረ፤ ነጋዴው ግን በማግሥቱ ትርታው ተስተካክሎ ተመለሰ። ቬንከባኽም ይህንኑ በ1914 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸ። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ ፍሬይ የተባለ ሐኪም የኪኒን የቅርብ ዘመድ የሆነው ኪኒዲን የበለጠ ኀይል እንዳለው አስታወቀ።

ለመሆኑ መድኃኒቱ ልብን የሚገራው እንዴት ነው? የልብ ሥጋ እጅግ ጥቃቅን ከሆኑ ሕዋሳት የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ሽፋን ላይ እንደ በር የሚከፈቱና የሚዘጉ ቀዳዳዎች አሉ፤ በነዚህም አዮን የተባሉ ኤሌክትሪክ ያዘሉ ቅንጣቶች ያልፋሉ። ሶዲየም ሲገባ ሕዋሱ ይቀሰቀሳል፤ ካልሲየም ሲገባ ይኰማተራል፤ ፖታሲየም ሲወጣ ያርፋል። በሮቹ ተራቸውን ጠብቀው ሲሠሩ፣ ዐርፎ የተቀመጠ ጤነኛ ጐልማሳ ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ተራው ሲፋለስ ትርታው ይዘባረቃል። ኪኒዲንና መሰሎቹም የሚሠሩት ከነዚህ በሮች አንዳንዶቹን በመዝጋት ነው። ኔኸርና ሳክማን የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት በአንዲት በር ብቻ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ለመለካት ስለ ቻሉ በ1991 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ዳሩ ግን በርን መዝጋት ሁልጊዜ ማዳን አይደለም። የልብ ደም ሥር ተዘግቶባቸው ከሞት የተረፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ትርፍ ምት ይታይባቸዋል። ይህንንም ለማጥፋት ኤንካይናይድና ፍሌካይናይድ የተባሉ የሶዲየምን በር የሚዘጉ መድኃኒቶች ይሰጡ ነበር፤ ምቱም ጸጥ ይል ነበር። ነገር ግን መድኃኒቱ በእውነት ሕይወት ማትረፉን ለማረጋገጥ በተደረገው ምርመራ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 755 ሰዎች 63 ሲሞቱ፣ ኀይል የሌለው እንክብል ከወሰዱት 743 ሰዎች የሞቱት 26 ብቻ ነበሩ። ይህ ውጤት በ1991 ዓ.ም. በታተመ ጊዜ፣ ትርታን ማስተካከልና ሕይወትን ማትረፍ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሐኪሞች ተረዱ። ፍሌካይናይድ ዛሬም ልባቸው ሌላ ጉዳት ለሌለበት ሰዎች በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል ቢባል፣ በአገራችን የብዙ ወጣቶች ልብ ሥርዐቱን የሚስተው በልጅነት ሳይታከም በቀረ የጉሮሮ ሕመም ምክንያት ነው። ይህ ሕመም መገጣጠሚያን የሚያሳምም ሩማቲክ የተባለ ትኩሳት ያስከትላል፤ ትኩሳቱም ቫልቭ የተባለውን የልብ ክዳን ይጐዳል። የተጐዳ ልብ እየሰፋ ሲሄድ ትርታው ይዘባረቃል፤ በውስጡ የረጋ ደምም ወደ አንጐል ሄዶ ሰውን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። እዚህ ከደረሰ በኋላ የትኛውም በር ዘጊ መድኃኒት የተበላሸውን ክዳን አይመልስም፤ በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ግን ጉዳቱን አስቀድሞ ይከላከላል።

ስለዚህ፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ ጉሮሮው ታሞ ትኩሳት የያዘውን ተማሪ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ለወላጆቹ ንገሩ። ሲሮጥ በድንገት ራሱን የሚስተውንም ልጅ «የሚጥል በሽታ ነው» ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ ልቡ ይመርመር። ማንም ሰው ሁለት ጣቱን በእጁ አንጓ ላይ አሳርፎ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትርታውን ቢቈጥር፣ ሥርዐት ያለውን ከሌለው ለመለየት ይችላል።

የልብ መድኃኒት ከጎረቤት መዋስ፣ ወይም ሐኪም ያዘዘውን «ተሽሎኛል» ብሎ መተው አደገኛ ነው። ክሎሮኪን የተባለው የወባ መድኃኒትና ኤሪትሮማይሲንም የፖታሲየምን በር ስለሚነኩ፣ የምትወስዱትን ሁሉ ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩ። የሆላንዱ ነጋዴ ራሱን በራሱ አክሞ በዕድል ተረፈ፤ እኛ ግን ዕውቀት ሳለልን ጤናችንን ለዕድል አንተው።