ከስፍራዋ ርቃ በደረት ውስጥ የምትገኝ ዕጢ

የአንድ ሰው አጥንት ያለ ብርቱ ምክንያት ቢሰበር፣ የኩላሊት ጠጠርም ቢመላለስበት፣ ቤተ ሰቡ ይህ ሁሉ ከአንዲት ትንሽ ዕጢ የመጣ ነው ብሎ አይጠረጥርም። ነገር ግን በአንገታችን ውስጥ፣ ከታይሮይድ ዕጢ በስተ ኋላ፣ ብዙውን ጊዜ አራት ሆነው የሚገኙ እንደ ምስር ፍሬ ያሉ ዕጢዎች አሉ፤ ስማቸው ፓራታይሮይድ ይባላል። ሥራቸውም በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም በልኩ መጠበቅ ነው። ከእነርሱ አንዲቱ አብጣ ከመጠን በላይ ስትሠራ ካልሲየሙን ከአጥንት እያወጣች ወደ ደም ታገባዋለች፤ ስለዚህ አጥንት ይሳሳል፣ ኩላሊትም ጠጠር ይቋጥራል።

ይህን ሕመም አምርሮ የቀመሰው ቻርልስ ማርቴል የሚባል አሜሪካዊ የመርከብ አዛዥ ነበረ። አጥንቱ እየተጣመመ ከቁመቱ 18 ሳንቲሜትር ያህል አጣ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1926 ጀምሮ ሐኪሞች አንገቱን ደጋግመው ቢከፍቱም ያበጠችውን ዕጢ ሊያገኟት አልቻሉም። እርሱ ግን ስለ ሰው አካል የተጻፉ መጻሕፍትን ራሱ እያነበበ ደረቱ እንዲፈተሽ አጥብቆ ጠየቀ ይባላል። በ1932 በቦስተን በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ኤድዋርድ ቸርችልና ኦሊቨር ኮፕ ለ7ኛ ጊዜ ቀዶ ሕክምና አድርገው ደረቱን ቢከፍቱ ዕጢይቱ ከዚያው ተገኘች። ምን ያደርጋል! ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ከኩላሊት ጠጠሩ የተነሣ ሞተ።

ዕጢይቱን ወደ ደረት የሚያወርዳት ምንድር ነው? ሕፃን በማኅፀን ሲፈጠር የታችኞቹ ሁለት ፓራታይሮይዶች ቲመስ ከሚባለው ዕጢ ጋራ ከአንድ ስፍራ ይነሣሉ። ቲመስ ወደ ደረት ሲወርድ እነርሱ ከአንገት ሊቀሩ ሲገባ አንዳንድ ጊዜ ሳይለዩት አብረው ይወርዳሉ።

ዛሬ ሐኪም በጭፍን አይፈልግም። በሽታውን የሚያስታውቀው የደም ምርመራ ነው፤ ካልሲየሙ ከፍ ብሎ ሳለ ዝቅ ማለት የሚገባው የዕጢይቱ ሆርሞንም ከፍ ብሎ ይገኛል። ብዙ ሰው ፎቶግራፉ በሽታውን የሚያረጋግጥ ይመስለዋል፤ እርሱ ግን ስፍራውን ብቻ ያመለክታል። ለዚህም ቴክኔቲየም ያለበት ጥቂት መድኃኒት በደም ሥር ይሰጥና ዕጢይቱ ያለችበት ቦታ በልዩ ካሜራ ይታያል፤ በሲቲ ስካንም ይመረመራል።

ዕጢይቱ ከደረት በላይኛው ወገን ያለች እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ በአንገት በኩል ስባ ትወጣለች። በጥልቅ ያለች እንደ ሆነ ግን ቀድሞ የደረትን አጥንት መሰንጠቅ ግድ ነበረ፤ ዛሬ በብዙዎች ላይ በጎድን አጥንቶች መካከል ትንንሽ ቀዳዳ አበጅቶ ካሜራ በማስገባት ይሠራል። ከወጣች ከ10 ደቂቃ በኋላ በደም ያለው ሆርሞን ከግማሽ በላይ ከቀነሰ፣ ሐኪሙ የፈለጋትን እንዳገኘ ያውቃል።

በሽተኛው ወደ ቤቱ ሲመለስ አስታማሚው ሊጠብቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የተራበው አጥንት ካልሲየሙን ከደም መልሶ ሲስብ የከንፈር ዙሪያና ጣቶች ይደነዝዛሉ፣ እጅም ይኮማተራል፤ ይህ የታየ እንደ ሆነ ሳይነጋ ለሐኪም መንገር ነው።