በባዮሎጂ «ኤ» አምጥቼ የእህቴን ልጅ ልገድለው ነበር!

ዛሬ የማወጋችሁ የራሴን ጉድ ነው።

ተማሪ ሳለሁ «ኦስሞሲስ ምንድን ነው?» ሲሉኝ እንደ ዳዊት እደግመው ነበር። ውኃ በሴል ስስ ሽፋን እያለፈ፣ የሟሟ ነገር ካነሰበት ወደ በዛበት የሚሄድበት መንገድ! ፈተና ላይ ጻፍኩት፣ «ኤ» አመጣሁ፣ ረሳሁት።

ባለፈው ክረምት ከምሠራበት ከዳንግላ ተነስቼ እንጅባራ፣ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። ስደርስ ቤቱ ተሸብሯል። የዓመት ከመንፈቁ ልጇን ከሌሊት ጀምሮ ያስቀምጠዋል፣ ያስመልሰዋል። «አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ ይኼን በጥብጥልኝ» ብላ አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. ሰጠችኝ።

እኔ ሆዬ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ማን ያንብብ! ሙሉውን ፓኬት በአንዲት የሻይ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ዘረገፍኩት። ወፈር ሲል ቶሎ የሚያሽር መስሎኝ ነዋ!

ልጁ ፊቱን እያጨፈገገ ጠጣለት። ቆየት ብሎ ግን ጭራሽ ባሰበት። ከንፈሩ ደረቀ፣ ዓይኑ ጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ የለውም። እትዬ እሪታዋን አቀለጠችው።

ደግነቱ ጎረቤት አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች። ሮጣ መጣች። ብርጭቆውን ቀመስ አደረገችና «ማነው ይኼን የበጠበጠው?» አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! የተረፈውን ደፋችው። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በአንድ ሊትር ሃይላንድ ለክታ አዲስ ፓኬት በጠበጠችና በማንኪያ በትንሽ በትንሹ ትሰጠው ጀመር። ወደ ጤና ጣቢያ ስንሮጥ እንኳ ማንኪያዋ አልቆመም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ ተረፈ።

በማግስቱ ልትጠይቀን መጣች። በእንጅባራ ቤት ድንች አይጠፋም። ከአንዱ ድንች ሁለት ስስ ቁራጭ ቆረጠችና አንዱን ንጹሕ ውኃ ውስጥ፣ ሌላውን ጨው የበዛበት ውኃ ውስጥ ከተተች። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ስናወጣቸው የመጀመሪያው ጠንክሮ ቀጥ ብሏል። የጨዉ ግን ተልፈስፍሶ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። «የጠጣው ነገር ሲወፍር የልጁም አንጀት እንዲህ ነው» አለችኝ። ለካስ ያቺ የሸመደድኳት ኦስሞሲስ ይቺ ናት! ያ የወፈረ ብጥብጥ ከሰውነቱ ውኃ ወደ አንጀቱ ስቦ አስቀምጦታል። ጨው ደም ውስጥ ሲበዛ ደግሞ ከአንጎል ሴሎች ሳይቀር ውኃ ይመጣል።

ታዲያ «ጨው ክፉ ከሆነ ንጹሕ ውኃ ብቻ ለምን አይሰጠውም?» ትሉ ይሆናል። በተቅማጥ የሚወጣው ውኃ ብቻ አይደለም፤ ጨውም አብሮ ይወጣል። በአንጀት ሴሎች ሽፋን ላይ ደግሞ ጨውና ግሉኮስ አብረው ሲመጡ የሚከፈት በር አለ። ሁለቱ ተያይዘው ሲገቡ ውኃ ይከተላቸዋል። ይህን ጥምረት አሜሪካዊው ሮበርት ክሬን እ.ኤ.አ. በ1960 ፕራግ ላይ አቅርቦታል። ደስ የሚለው፣ ኮሌራ እንኳ ይህን በር አይዘጋውም።

እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ፣ ሕንድ ውስጥ ባንጋዎን በተባለ ቦታ ስደተኞች በኮሌራ ይረግፉ ነበር። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚሰቀል ጉሉኮስ ሲያልቅበት፣ ጨውና ግሉኮስ በውኃ እየተበጠበጠ በአፍ እንዲሰጥ አደረገ። አስታማሚ ቤተሰቦች ጭምር ያጠጡ ነበር። ከ100 ሕሙማን 30 ያህሉን ይገድል የነበረው በሽታ ከ4 በታች ወረደ! እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከልምድ ተምሮ ቅመሙን ቀነስ፣ ቀጠን አደረገው። አያችሁ፣ እነሱ ሲያቀጥኑት እኔ አወፍረዋለሁ!

እናንተ የእኔን ስህተት እንዳትደግሙ ይችን ያዙልኝ።

ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውኃ ልክ አንብቡ። የተለመደው ፓኬት ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው፤ አይቀነስም፣ አይጨመርም። ስኳርም ሆነ ጨው አትጨምሩበት። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉት።

ለሕፃን በማንኪያ ስጡ። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። ጡት አይቋረጥ። ዚንክ እንዲሰጠው የጤና ባለሙያ ጠይቁ።

ፓኬት ከጠፋ በአንድ ሊትር ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ማንኪያው እንዳይቆለል፣ ጨዉ እንዳይበዛ! ለስላሳ መጠጥ ምትክ አይሆንም፤ ስኳሩ ብዙ ስለሆነ እሱም ውኃ ይስባል።

ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ከደከመና ከፈዘዘ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ሰገራው ደም ካለበት ግን ቤት አትቀመጡ። እያጠጣችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ!

ያ ልጅ ዛሬ ግቢውን በሩጫ ያተራምሰዋል። እትዬ ግን አለቀቀችኝም። ሻይ ልጠጣ ስኳር ባነሳሁ ቁጥር «ተማሪው፣ ልኩን አንብበሃል?» ትለኛለች። ምን እላታለሁ? ከመጠምጠም መማር ይቅደም!