አሉሚኒየምን አውቆ ማዛግ

በ1969 ዓ.ም. የወጣችውን የአንድ ሳንቲም ዝርዝር በእጁ የያዘ ሰው ቅለቷን አይረሳም። በአንድ ገጿ አንበሳ፣ በሌላው በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ተቀርጾባታል። የተሠራችው ከአሉሚኒየም ነው። ዛሬ ከአሮጌ ሣጥን ሥር ብትወጣ ደብዝዛ ወይም ተጫጭራ ልትገኝ ትችላለች እንጂ እንደ ምስማር ቀይ ዝገት አታወጣም። ይህን ያየ ሰው «አሉሚኒየም አይዝግም» ይላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ አሉሚኒየም ከብረትም ፈጥኖ ይዝጋል። ገና ተቆርጦ አየር እንደነካው ላዩ ከኦክስጅን ጋር ይዋሃድና ከ2 እስከ 5 ናኖሜትር የሚሆን፣ ዓይን የማያየው ሽፋን ያበጃል። የብረት ዝገት እየተፈረፈረ ከሥሩ ያለውን ብረት ለአየር አሳልፎ ይሰጣል። የአሉሚኒየሙ ዝገት ግን ከወለደው አሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ አየር አያስገባም።

አኖዳይዚንግ የሚባለው ሙያ ይህንኑ ጠቃሚ ዝገት በኤሌክትሪክ አስገድዶ ማወፈር ነው። ዕቃው በአሲድ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ከፖዘቲቩ ጋር ይታሰራል፤ ከኔጌቲቩ ጋር ደግሞ የእርሳስ ወይም የአሉሚኒየም ዝርግ ይታሰራል። ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ በኔጌቲቩ በኩል የሃይድሮጅን አረፋ ይንተከተካል፤ በዕቃው ላይ ደግሞ ኦክሳይዱ፣ ማለትም ያ ጠቃሚ ዝገት፣ ያድጋል። ተፈጥሮ በናኖሜትር የሠራችው ሽፋን በግማሽ ሰዓት ውስጥ በሺዎች እጥፍ ወፍሮ ከ10 እስከ 15 ማይክሮን ይደርሳል። ቀለም አይደለም፣ አይላጥም። ከአሉሚኒየሙ የበቀለ ስለሆነ እንደ ቆዳው ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የሽፋኑ አሠራር ነው። አሲዱ ኦክሳይዱ ሲያድግ ዝም ብሎ አያይም፣ እያሟሟ ይበላዋል። በሚያድገውና በሚበላው መካከል ባለው ትግል ሽፋኑ ውስጥ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ፣ እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን ሆነው የተደረደሩ ቀዳዳዎች ይፈጠራሉ። የአሜሪካው የአልኮዋ ኩባንያ ተመራማሪዎች ይህን ቅርጽ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተው የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1953 ነበር። ሽፋኑን ማቅለም ሲፈለግ ቀለሙ የሚገባው በእነዚህ ቀዳዳዎች ነው። ሙያው ራሱ ግን ከ1953 ይቀድማል፤ ቤንጎ እና ስቱዋርት የተባሉ እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1923 ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች አካል በጨው ውሃ እንዳይበላ በክሮሚክ አሲድ ሠሩት። ክሮሚክ አሲድ መርዝ ነው፤ ለቤት ሥራ የሚሆን አይደለም። ከአራት ዓመት በኋላ ጋወር እና ኦብራየን በሰልፈሪክ አሲድ የሚሠራውን መንገድ የፈጠራ መብት አስመዘገቡበት። እስከ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት እሱ ነው። ለአነስተኛ ወርክሾፕም በር የከፈተው ይኸው ነው፤ ሰልፈሪክ አሲድ ማለት የመኪና ባትሪ አሲድ ነውና።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሽፋን ያላየ ሰው የለም፣ አይቶ ያላወቀው እንጂ። የፎቅ ቤት መስኮትና በር ፍሬሞች ላይ ያለው ነሐስ የሚመስል ቡናማ ወይም ብርማ መልክ ብዙውን ጊዜ አኖዳይዝድ ነው። የአንዳንድ ሞባይል ጀርባም፣ የአንዳንድ ባትሪ መብራት ቀፎም እንዲሁ። አገራችን አሉሚኒየም ከማዕድኑ የሚያወጣ ፋብሪካ የላትም፤ ያለን በአብዛኛው ወይ ከውጭ የገባ ፕሮፋይልና ዝርግ ነው፣ ወይም ቆራሌው ሰብስቦ ምናለሽ ተራን ወደ መሰለ ቦታ የሚያደርሰው ቁርጥራጭ። ከቁርጥራጩ አንዳንዱ ቀልጦ ድስት ይሆናል።

ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለችውን ኮኪትን ለምሳሌ እንውሰድ። አንድ የብየዳ ቤት ያለው ሰው ለባጃጅ ጌጥ፣ ለቤት ቁጥርና ስም ሰሌዳ፣ ለፓምፕ ማስታወቂያ ጽሑፍ የሚሆን ባለቀለም አሉሚኒየም ልሥራ ቢል ምን ያስፈልገዋል? ዕቃው ከሚገመተው በላይ ቅርብ ነው። የባትሪ አሲድ 37 ከመቶ ገደማ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ በእኩል መጠን ንጹሕ ውሃ ሲቀላቀል 20 ከመቶ ገደማ ይሆናል፣ ሙያው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። አሲዱ ቀስ እየተባለ በውሃው ላይ ይጨመራል፤ ውሃውን በአሲዱ ላይ ያፈሰሰ ሰው ፈልቶ የሚረጭ አሲድ ፊቱ ላይ ይቀበላል። ውሃው ለባትሪ የሚሸጠው ወይም የክረምት ዝናብ ቢሆን ይሻላል፤ ጨው ያለበት የጉድጓድ ውሃ ሽፋኑን ይበሳሳዋል። መንከሪያው የፕላስቲክ ባልዲ ወይም አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ነው። ኃይሉን ከ12 እስከ 18 ቮልት የሚሰጥ ቻርጀር ወይም ፓወር ሰፕላይ ያስገኘዋል።

ስሌቱን ይህን ያህል ማወቅ ይበቃል። ለእያንዳንዱ አንድ ካሬ ዴሲሜትር፣ ማለትም 10 በ10 ሳንቲሜትር ስፋት፣ 1.5 አምፔር ያህል ይሰጣል። 20 በ30 ሳንቲሜትር የሆነ ሰሌዳ ሁለት ፊት ስላለው 12 ካሬ ዴሲሜትር ይሆናል፤ 18 አምፔር ይፈልጋል። በዚህ ልክ 30 ደቂቃ ቢቆይ ሽፋኑ 13 ማይክሮን ገደማ ይደርሳል።

ኮኪት ላይ የሚቸግረው አሲዱም ኤሌክትሪኩም ሳይሆን ቅዝቃዜ ማግኘት ነው። ያ በማደግና በመበላት መካከል ያለው ትግል ሚዛኑን የሚጠብቀው አሲዱ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። ሙቀቱ ወደ 30 ሲጠጋ አሲዱ ያሸንፋል፤ ሽፋኑ ጠመኔ ይመስላል፣ በጨርቅ ሲያሹት ይነሳል። ጎንደር ከተማ ያለ ሰው ስለዚህ ብዙም ላያስብ ይችላል። ኮኪት ያለችበት መተማ ቆላ ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቴርሞሜትሩ 40 ዲግሪን የሚያልፍበት አገር ነው። በዚህ ላይ ሥራው ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ 18 አምፔር በ15 ቮልት 270 ዋት ነው፣ ባልዲው ውስጥ እንደተጣደ ትንሽ ምድጃ ማለት ነው። 20 ሊትር አሲድ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በዚህ ብቻ ስድስት ዲግሪ ያህል ይሞቃል።

መፍትሔው ግን አለ፤ አንዱም ከዚያው ከቆላው የተገኘ ነው። ሱዳኖች ዚር የሚሉት፣ ከድንበሩ ወዲህም የሚታወቀው የሸክላ ጋን ውሃ የሚያቀዘቅዘው ላዩ እያላበ ስለሚተን ነው። አሲድ በሸክላ ውስጥ አይቀመጥም፤ ባልዲው ግን በውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ቆሞ፣ ከውጭ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ፣ ቬንትሌተር ቢነፍስበት ያው ሕግ ይሠራል። አየሩ 40 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 20 ከመቶ ብቻ ሲሆን ትነት ውሃውን እስከ 22 ዲግሪ አካባቢ ሊያወርደው ይችላል፣ በስሌት። በተግባር ጥቂት ዲግሪ ከፍ ይላል። ደረቁ ወቅት ከሁሉ የሚያቃጥለው ቢሆንም ለእርጥብ ጆንያው ግን ከሁሉ የሚስማማው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሚሆን ጆንያው ከንቱ ነው። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ውሃው በረዶ እስኪሆን ፍሪጅ ውስጥ የቆየ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። አንድ ሊትር ተኩል በረዶ ቀልጦ 20 ዲግሪ እስኪደርስ የሚመጠው ሙቀት፣ ያ ሰሌዳ በግማሽ ሰዓት ከሚያመነጨው ይበልጣል። ክዳኑ እንደተዘጋ ይነከራል፤ በረዶውን አውጥቶ አሲዱ ውስጥ መጣል አሲዱን ያቀጥነዋል። ኤሌክትሪክ የሚጠፋባት ከተማ ውስጥ ጠርሙሶቹን ከቀን በፊት ማቀዝቀዝ እንደሚያስፈልግ ለኮኪት ሰው መንገር አያሻም።

ንጽሕናውን ችላ ያለ ሰው ሌላው ድካሙ ሁሉ ገደል ይገባል። የጣት አሻራ እንኳ ቀለሙ ላይ ታትሞ ይቀራል። ዕቃው በሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያ በቀጭን የኮስቲክ ሶዳ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ይነከራል፤ ሲወጣ ጥቁር ጭቃ የሚመስል ስስ ሽፋን ይዞ ስለሚወጣ ያ መወገድ አለበት። ፋብሪካዎች ይህን በናይትሪክ አሲድ ያጥቡታል። ማንጠልጠያው ሽቦ የግድ አሉሚኒየም ወይም ቲታኒየም ይሁን፤ የመዳብ ሽቦ አሲዱ ውስጥ ከገባ ኤሌክትሪኩ ዕቃውን ትቶ እሱን ይበላል። ሽቦው ላልቶ መነካካቱ ከተቋረጠ ደግሞ ሽፋኑ ያን ቦታ ይዘጋውና ሥራው ይቆማል። ሽፋኑ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ስለዚህ አጥብቆ ማሰር ግማሽ ሙያ ነው።

ጓንትና መነጽር ሳይደረግ፣ በሩም ሳይከፈት አይሠራም። ሃይድሮጅን ስለሚወጣ አጠገቡ ብየዳ አይበየድም፤ ይህ በተለይ ብየዳ ቤት ውስጥ ለሚሠራው ነው። ያረጀው አሲድም በኖራ ሳይበርድ ሜዳ ላይ አይደፋም። የዚያ አካባቢ ውሃ ወደ ጓንግ፣ ከጓንግም ወደ አትባራ ነው የሚሄደው፤ ከብቱም ግመሉም የሚጠጣው እሱን ነው። ኖራው አሲዱን ወደ ጂፕሰም ይለውጠዋል፣ አሲድነቱ እስኪጠፋ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ መጠበቅ ብቻ ነው። የእርሳስ ዝርግ የተጠቀመ ሰው ግን የሚቀረውን ጭቃ ለይቶ በዝግ ዕቃ ማስቀመጥ አለበት፣ እርሳስ በኖራ መርዝነቱ አይጠፋም። ይህን ሁሉ ከመሸከም መጀመሪያውኑ የአሉሚኒየም ዝርግ መጠቀም የተሻለ ይመስለኛል።

ከአሲዱ የወጣው ዕቃ ታጥቦ ሳይደርቅ ወደ ቀለም ይገባል። 50 ወይም 60 ዲግሪ በሞቀ የቀለም ውሃ ውስጥ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይቆያል፤ ቀለሙ ወደ ቀዳዳዎቹ ይሰርጋል። ሱፍ የሚያቀልሙ የአሲድ ቀለሞች የሚባሉት አብዛኛውን ጊዜ ይይዛሉ፣ ሌሎቹ ታጥበው ይሄዳሉ፤ በቁርጥራጭ ላይ ሳይሞከር የደንበኛ ዕቃ አይነከርም። ዓይን የሚስቡት ቀይ፣ ወይን ጠጅና ሰማያዊ ከሆኑ ግን ነጋዴው አንድ ነገር ይጠንቀቅ፤ ከእነዚህ ቀለሞች ብዙዎቹ በቆላ ፀሐይ ይገረጣሉ። የፎቅ መስኮቶቹ ቡናማ የማይለቀው በጨርቅ ቀለም ሳይሆን በኤሌክትሪክ ወደ ቀዳዳዎቹ በገባ ቆርቆሮ (ቲን) ስለተሠራ ነው። ኮኪት ላይ በውጭ በር የሚሰቀል ሰሌዳ ጥቁር ቢሆን ይመረጣል።

ቀጥሎ ቀዳዳዎቹ መዘጋት አለባቸው። የሚዘጉት በፈላ ውሃ ነው፤ ኦክሳይዱ ውሃ ይዞ ያብጥና አፉን ይገጥማል፣ ቀለሙም ውስጥ ታሽጎ ይቀራል። ለአንድ ማይክሮን ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ስለሚፈልግ ያ ሰሌዳ ግማሽ ሰዓት ወይም ትንሽ በለጥ ይቀቀላል። ውሃው ከ96 ዲግሪ በታች እንዳይሆን ይመከራል። እዚህ ላይ ደጋው ይሸነፋል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ጎንደር ላይ 93። እሳቱን ምንም ቢያነዱት ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ደገኛው ወይ የግፊት ድስት ወይ የኒኬል አሲቴት ጨው መፈለግ አለበት። ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው መተማ ግን ውሃዋ ወደ 98 ዲግሪ ይጠጋል። ቆላው በአሲዱ በኩል የነሳውን በመዝጊያው በኩል ይመልሳል፤ ምንም መድኃኒት ሳይገዛ፣ ውሃ አፍልቶ ብቻ።

ሥራው ተሳክቶ እንደሆነ የሚነግረው ቴስተር ነው። ሁለቱን ጫፎች ዕቃው ላይ ሲያሳርፉ ካልጮኸ ሽፋኑ አለ፤ ከጮኸ ወይ ንክኪው ጠፍቶ ነበር ወይ አሲዱ ሞቆ ነበር።

ደንበኛ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ መቀበል ግን አይገባም። የሞተር ክዳን፣ ካርቡረተር፣ ከቁርጥራጭ የፈሰሰ ድስት ብዙ ሲሊከን ስላለባቸው ጠቁረውና ነጠብጣብ ይዘው ነው የሚወጡት፤ ያንን ቀለም አይሸፍነውም። የመስኮት ፕሮፋይል ቁራጭና ንጹሕ ዝርግ ግን ያምራሉ፤ አሉሚኒየም በርና መስኮት ከሚሠራ ቤት የተረፈ ቁራጭ ይህን ሙያ ለመጀመር ከበቂ በላይ ነው። ጊዜው ታኅሣሥና ጥር ቢሆን እመርጣለሁ። ሌሊቱ ከሌላው ወቅት ይቀዘቅዛል፣ ሰሊጡ ታጭዶ ተሸጧል፣ ባጃጅ ያለውም ሰው ለጌጥ የሚከፍለው ገንዘብ እጁ ላይ ነው።