ለእውነተኛ ሐዘን የውሸት ፎቶ አንለጥፍ

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፦ «ይሄ ዜና እውነት ነው? አንጀቴን በላው፤ ሼር ላድርገው?» ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው። ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በሰሜን ሸዋ የደረሰው መከራ እውነት ነው። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል፣ በዙሪያዋ ሰው ሲያልቅና ሲሰደድ፣ በአማራውም በኦሮሞውም ቤት ለቅሶ ገብቷል። ደብረ ብርሃን ቻይና ካምፕ ጎራ ያለ ሰው ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡትን እናቶች በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ «አጣሩ» ስል «አትመኑ» ማለቴ አይደለም። የማጣራው መከራው እውነት ስለሆነ ነው። የአጣዬን ቃጠሎ በሌላ አገር ፎቶ የለጠፈ ሰው ለአጣዬ የተቆረቆረ ይመስለዋል። በማግሥቱ አንዱ ይነሣና ፎቶው የሌላ አገር መሆኑን ያጋልጣል። ከዚያ ወዲያ «ድሮም ድራማ ነው» ለሚለው ሰው ማስረጃ ተገኘለት። ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ ግን እውነቱን ይዞ ሐሰተኛ ተባለ። ይህ ግፍ ነው።

ነገሩ በፌስቡክ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። የሸዋን ታሪክ አንድ ጊዜ እንመልከት። እዚሁ አንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም፤ ተደብቆ ቆየ። ቤተ መንግሥቱ ዝም ሲል አገሩ በወሬ ኖረ። (ከሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ የከረመበትን ጊዜ የምታስታውሱ፣ ዝምታ ለወሬ ምን ያህል እንደሚመቸው ታውቁታላችሁ።) ንጉሡ ካረፉ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ስለ ወራሻቸው «ልጅ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን ለወጡ» የሚለው ነገር ተዛመተ። በወሬው ላይ ደግሞ ፎቶግራፍ ተጨመረበት፦ ኢያሱ በሙስሊም አለባበስ። ፎቶው እውነተኛ ነው የሚሉ አሉ፤ ተቀነባብሮ የተሠራ ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ጥያቄ ነው። ፎቶው እውነተኛ ነው እንበል። የአንድን አገር ሰዎች ልብስ ለብሶ ከእነሱ ጋር መታየት ሃይማኖት መለወጥን ያረጋግጣል? አያረጋግጥም። ወሬው በማን ዘንድ ይፈለግ ነበር ብሎ መጠየቅም ይገባ ነበር። ጊዜው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው፤ አዲስ አበባ የነበሩት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሌጋሲዮኖች ኢያሱ ወደ ቱርክና ጀርመን እንዳያዘነብሉ ሰግተዋል። የሸዋ መኳንንትም የራሳቸው ቂም ነበራቸው። የተቆጣ ልብ ይህን ሁሉ አያመዛዝንም። መስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል ዕለት፣ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትተው መጡ። ጥቅምት 9 ቀን ቶራ መስክ ላይ የሸዋው ራስ ልዑል ሰገድ ወደቁ። በስምንተኛው ቀን ሰገሌ ሜዳ ላይ የወሎና የሸዋ ሰው ተላለቀ። የጦርነቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ የሥልጣን ሽኩቻው ቀድሞም ነበረ። ሆኖም ተራውን ሰው ለማስቆጣት ያ ወሬ የነበረውን ጉልበት የሚክድ የለም።

እውነተኛ ፎቶ የሐሰት መግለጫ ሲጻፍለት ከተቀነባበረው ይልቅ ያሳስተናል። በኛ ግሩፖች የሚዞረውም በብዛት እንዲህ ያለው ነው።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ባለፈው ክረምት ሐምሌ ላይ አንድ ፎቶ ደረሰኝ። የሚቃጠል ጎጆ፣ ሕፃን ያቀፈች እናት፣ ከሥሩ «ዛሬ ጠዋት አንኮበር» የሚል ጽሑፍ። ልብ ይሰብራል። አጉልቼ አየሁት። መሬቱ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ፀሐዩ ጥላ የሌለው የቀትር ፀሐይ ነው፤ ከኋላ የሚታየው የግራር ቁጥቋጦ ነው። አንኮበርን የሚያውቅ ሰው ይፍረድ። ከፍታው ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር በላይ ነው፤ በሐምሌ ጠዋት ጉሙ ከፊት ያለውን ሰው ይሸፍናል፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ዛፉ ጽድና ባሕር ዛፍ ነው። ቀጥዬ ፎቶውን ጎግል ሌንስ ላይ ጫንኩት። ከዓመታት በፊት በሌላ አገር የወጣ ሆኖ ተገኘ። ሁሉም ነገር ደቂቃዎች ብቻ ነው የወሰደው።

በዚያ አላበቃሁም፤ ፎቶው ሐሰት ሆነ ማለት አንኮበር ምንም አልደረሰም ማለት አይደለምና። እዚያው አንኮበር፣ ጎረቤላ ላሉት አጎቴ ደወልኩ። «እኔ እዚህ ጭስ አላየሁም ልጄ። ቆላውን ግን አላየሁትም፤ ልምልልህ አልችልም» አሉኝ። እንዲህ ያለ ምስክር ወርቅ ነው። ያየውን ከሰማው ይለያል፤ ያላየውን አልጨመረም። አባቶቻችን ጥፋተኛ ለማውጣት በተጠራ አውጫጭኝ የተሰበሰበውን ሰው በየተራ የሚጠይቁት ይህንኑ ነበር፦ አይተሃል ወይስ ሰምተሃል? ስልክ ስትደውሉ እናንተም ይህን ጠይቁ። የነገራችሁ ሰው «ሰው ነግሮኝ ነው» ካለ፣ የዚያን ሰው ስልክ ጠይቁ።

ከባለሥልጣን አፍ የወጣውም ቢሆን ይጣራ። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ሲመለሱ የታገቱትን ተማሪዎች አስታውሱ። ጥር ላይ 21 ተማሪዎች መለቀቃቸው በመንግሥት በኩል ተነገረ፤ አገር እፎይ አለ። ወላጆቻቸው ግን ልጆቻችንን አላገኘንም፣ ድምፃቸውንም አልሰማንም አሉ። የሚያስደስት ዜናም እንደሚያስለቅሰው ሁሉ ሳይመረመር ያልፋል። የመጨረሻው ምስክር ደጅ የሚጠብቀው ቤተሰብ ነው፤ ዜናው ስለ ሰው ከሆነ ቤተሰቡ ምን እንዳለ ሳትሰሙ አትለጥፉ።

የግለሰብ ስምና ፎቶ ያለበት ውንጀላ ሲደርሳችሁ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በፌስቡክ ስማቸውና ፎቷቸው ከሐሰት ክስ ጋር ከተለጠፈ በኋላ ጥቅምት 24 ቀን 2014 በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ኩባንያ ላይ ናይሮቢ ክስ መሥርቷል፤ በ2017 መጋቢት የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። የኩባንያውን ጥፋት ፍርድ ቤት ያየዋል። ያንን ጽሑፍ «ሼር» ያደረገውን እያንዳንዱን ሰው ግን ማንም አይከሰውም፤ እሱን የሚጠይቀው ሕሊናው ብቻ ነው።

እባካችሁ፣ በየእድሩና በየዘመዱ ግሩፕ አስተዳዳሪ የሆናችሁ፣ ቦታው፣ ቀኑና ያየው ሰው ያልተጠቀሰበትን አሳዛኝ ፎቶ አታሳልፉ። ቀኑ ሲጻፍም በኢትዮጵያ ነው ወይስ በፈረንጅ ብላችሁ ጠይቁ፤ በዚህ ብቻ የስንት ዓመት አሮጌ ዜና እንደ አዲስ ይዞራል። ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ አጣርተው ያወጧቸውን ጽሑፎች በአማርኛ ታገኛላችሁ፤ ተመልከቷቸው። ከአካባቢያችን የሆነና የምትጠራጠሩት ነገር ካለ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ አብረን እናየዋለን።