በምህንድስናና በቴክኒክ ጽሑፎች ውስጥ ምንጭ አጠቃቀስ

ምንጭ መጥቀስ በምህንድስናና በቴክኒክ ጽሑፎች ውስጥ፣ ጸሐፊው ከሌላ ሰው ሥራ የወሰደውን ሐሳብ፣ ቁጥር፣ ቀመር፣ ሥዕል ወይም የኮምፒውተር ፕሮግራም ከየት እንዳገኘው ለአንባቢ የሚያሳይበት ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ሁለት ክፍሎች አሉት፦ በጽሑፉ መካከል የሚገባ አጭር ምልክትና በጽሑፉ መጨረሻ የሚቀመጥ የዋቢዎች ዝርዝር። ምልክቱ አንባቢውን ወደ ዝርዝሩ፣ ዝርዝሩ ደግሞ ወደ ዋናው ሰነድ ይመራዋል።

ብዙ ተማሪዎች ምንጭ መጥቀስን የሚያውቁት ከስርቆት ክስ መዳኛ አድርገው ነው። ይህ ትክክል ቢሆንም የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። በምህንድስና የተጠቀሰ ቁጥር ወደ ስሌት ይገባል፤ ከስሌቱም ሕንፃ፣ ድልድይ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ወይም ሶፍትዌር ይወጣል። ቁጥሩን የተጠራጠረ ሰው ወደ ተለካበት ቦታ ተመልሶ ማጣራት መቻል አለበት። ምንጩ በትክክል ካልተጻፈ ይህ መንገድ ይዘጋል፤ ጽሑፉ የማንንም ሥራ ባይሰርቅ እንኳ።

ምን ይጠቀሳል፣ ምን አይጠቀስም

በሙያው ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ምንጭ አያስፈልገውም። የኦም ሕግን የሚጠቀም ጸሐፊ ኦምን በዋቢነት መጥቀስ አይጠበቅበትም። በአንጻሩ በአንድ ሙከራ የተገኘ መለኪያ፣ በአንድ ተመራማሪ የቀረበ ዘዴ፣ ከሌላ ጽሑፍ የተወሰደ ሠንጠረዥ ወይም ሥዕል ሁልጊዜ ምንጩ ይጠቀሳል። ሥዕሉ ተሻሽሎ እንደገና ቢሳልም «ከዚህ ተሻሽሎ የተወሰደ» መባል ይኖርበታል። ጸሐፊው ቀደም ሲል ያሳተመውን የራሱን ሥራ ሲጠቀምም እንዲሁ ነው።

ቃል በቃል መጥቀስ በቴክኒክ ጽሑፍ ብዙም አይዘወተርም፤ ሐሳቡ በጸሐፊው በራሱ አነጋገር ተጽፎ ምንጩ ይታከልበታል። ሆኖም የሌላውን ዓረፍተ ነገር ይዞ ሁለት ሦስት ቃል መለወጥ በራስ አነጋገር መጻፍ አይባልም፤ ምንጩ ቢጠቀስም እንኳ።

የቁጥር ሥርዓት

በኤሌክትሪክና በኮምፒውተር ምህንድስና በስፋት የሚሠራበት የአይ-ትሪፕል-ኢ ሥርዓት ነው። አይ-ትሪፕል-ኢ እ.ኤ.አ. በ1963 ሁለት የአሜሪካ የመሐንዲሶች ማኅበራት ተዋሕደው የመሠረቱት የሙያ ማኅበር ነው። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ምንጭ በጽሑፉ ውስጥ መጀመሪያ በታየበት ቅደም ተከተል ቁጥር ይሰጠውና ቁጥሩ በማዕዘን ቅንፍ ይጻፋል፦ [1]፣ [2]፣ [3]። አንድ ምንጭ አሥር ጊዜ ቢጠቀስም ቁጥሩ አይለወጥም። ምልክቱ ከዓረፍተ ነገሩ መዝጊያ በፊት ይገባል። ከረጅም መጽሐፍ ሲጠቀስ ገጹን ጨምሮ [3፣ ገጽ 212] ማለት ይቻላል፤ አንባቢውን የ600 ገጽ መጽሐፍ ከማገላበጥ ያድነዋልና ቢለመድ ጥሩ ነው።

በዝርዝሩ ውስጥ የደራሲው ስም በመጀመሪያ ፊደል አጥሮ ይቀድማል፤ የቤተሰብ ስሙ ሳይቆረጥ ይከተላል። ከዚያ የጽሑፉ ርዕስ በትእምርተ ጥቅስ፣ የመጽሔቱ ስም በሰያፍ ፊደል፣ ቅጽ፣ ቁጥር፣ ገጽ፣ ወርና ዓመት ይመጣሉ። ወደ አማርኛ ተመልሶ ሲታይ የሚከተለውን ይመስላል፦

[1] ጂ. ኢ. ሙር፣ «በተቀናጁ ሰርኪዩቶች ላይ ብዙ ክፍሎችን ማጨቅ»፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ ቅጽ 38፣ ቁጥር 8፣ ገጽ 114–117፣ ኤፕሪል 1965።

የሲቪል መሐንዲሶች መጽሔቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቁጥር ይልቅ የደራሲውን ስምና ዓመቱን በቅንፍ ያስገባሉ። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ብዙ አያዋጣም፤ ጽሑፉ የሚላክበት መጽሔት ወይም ትምህርት ክፍል የሚያዘውን ይዞ እስከ መጨረሻው አለማፋለስ ይበቃል። እንደ ዞቴሮና ቢብቴክ ያሉ ፕሮግራሞች ቅርጹን በራሳቸው ያስተካክላሉ። የተሳሳተ መረጃ ከገባላቸው ግን የሚያወጡት ያንኑ ስህተት ነው፤ ያማረ መልክ ስለሚሰጡት ስህተቱ ይበልጥ ይደበቃል።

ያላነበቡትን መጥቀስ

በዚህ ሙያ የሚበዛው ስህተት የነጠላ ሰረዝ ቦታ አይደለም፤ ያላነበቡትን ጽሑፍ እንዳነበቡ አድርጎ መጥቀስ ነው። ከላይ በምሳሌነት የቀረበው የጎርደን ሙር ጽሑፍ ለዚህም ጥሩ ማስረጃ ይሆናል።

«የሙር ሕግ» በብዙ የኮምፒውተር ጽሑፎች መግቢያ ላይ ይገኛል። በአንድ ቺፕ ላይ የሚቀመጡ ትራንዚስተሮች ቁጥር በየ18 ወሩ ወይም በየሁለት ዓመቱ እጥፍ ይሆናል ተብሎ ይጻፍና የ1965ቱ ጽሑፍ በዋቢነት ይጠቀሳል። ጽሑፉን ከፍቶ የሚያነብ ሰው ግን ሁለቱንም አያገኛቸውም። ሙር በዚያ ጽሑፍ የገመተው የክፍሎቹ ቁጥር በየዓመቱ እጥፍ እንደሚሆንና እ.ኤ.አ. በ1975 በአንድ ቺፕ ላይ ወደ 65,000 እንደሚደርስ ነበር። ወደ ሁለት ዓመት ያሻሻለው ከአሥር ዓመት በኋላ በ1975 ባቀረበው ሌላ ጽሑፍ ነው። የ18 ወሩ ቁጥር የባልደረባው የዴቪድ ሀውስ እንደሆነ ይነገራል፤ እሱም የተናገረው ስለ ትራንዚስተር ቁጥር ሳይሆን ስለ ኮምፒውተር የሥራ ብቃት ነበር። ስለዚህ «በየሁለት ዓመቱ» ብሎ የ1965ቱን የሚጠቅስ ሰው የአራት ገጹን ጽሑፍ አለማንበቡን በራሱ እጅ ይመሰክራል።

እንዲህ ያለው ነገር ምን ያህል እንደተስፋፋ ሲምኪንና ሮይቻውድሪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ሥራ ለመገመት ሞክረዋል። ወደ 4300 ጊዜ የተጠቀሰ አንድ ታዋቂ ጽሑፍ ወስደው በዋቢዎቹ ውስጥ የቅጽ፣ የገጽና የዓመት ግድፈቶችን ፈለጉ። 196 ግድፈቶች አገኙ፤ ከእነዚህ ግን እርስ በርስ የሚለያዩት 45 ብቻ ነበሩ። አንድ የገጽ ቁጥር ስህተት ብቻውን 78 ጊዜ ተደግሟል። 78 ሰዎች በየራሳቸው አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራሉ ተብሎ ስለማይታሰብ፣ ዋቢውን አንዱ ከሌላው ገልብጦታል ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ከዚህ ተነሥተው ዋናውን ጽሑፍ የሚያነቡት ከጠቃሾቹ 20 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው የሚል ግምት ሰጡ። ግምቱ አከራካሪ ነው፤ ዋቢውን የገለበጠ ሁሉ ጽሑፉን አላነበበም ማለት አይቻልምና። የመገልበጡ ነገር ግን አያጠራጥርም።

ከዚህ የባሰም ታይቷል። ኤልሰቪየር የተባለው አሳታሚ ለደራሲዎች ባዘጋጀው መመሪያ ውስጥ የዋቢ አጻጻፍን ለማሳየት ብቻ የተፈጠረ፣ በእውን የሌለ አንድ ጽሑፍ በምሳሌነት ገብቶ ነበር። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ሲወጣ ይህ የሌለ ጽሑፍ ወደ 400 ጊዜ ያህል በዋቢነት ተጠቅሶ ተገኘ። አብዛኞቹ ደራሲዎች የመመሪያውን ቅጽ ወስደው በራሳቸው ዋቢዎች ሲሞሉት የምሳሌውን መስመር ሳያጠፉት የቀሩ ይመስላል። ዛሬ ጽሑፍ የሚያመነጩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞችም ደራሲ፣ ርዕስና መጽሔት ያለው፣ ነገር ግን በእውን የሌለ ዋቢ ይፈጥራሉ። መልኩ ትክክል ስለሆነ በዓይን አይለይም፤ ፈልጎ ማግኘት ብቻ ነው መፍትሔው።

ዋናውን ጽሑፍ ማግኘት ያልተቻለ እንደሆነ ደግሞ መደበቅ አያስፈልግም። «በ[7] እንደተገለጸው» ብሎ ያነበቡትን መጥቀስ ሙሉ በሙሉ የተፈቀደ ነው። እንደ አንዳንድ ተማሪዎች ፍርሃት ጽሑፉን ደካማ አያስመስለውም።

እትምና ዓመት

ለመሐንዲስ ከመጽሔት ጽሑፍ ይልቅ በየቀኑ የሚያስፈልገው ምንጭ የደረጃ ሰነድ ነው። የደረጃ ሰነዶች ስማቸው ሳይለወጥ ይዘታቸው ስለሚለወጥ የእትማቸው ዓመት ካልተጻፈ ዋቢው ምንም አይናገርም።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የሕንፃ ደረጃ (ኢቢሲኤስ) ኮንክሪትን የሚመድበው በኪዩብ ናሙና ጥንካሬ ነበር፤ ሲ-25 ማለት የኪዩብ ጥንካሬው 25 ሜጋፓስካል የሆነ ኮንክሪት ነው። የአውሮፓን ደረጃ ተከትሎ በ2015 የወጣው ግን ሁለት ቁጥር ይጽፋል፦ የመጀመሪያው የሲሊንደር፣ ሁለተኛው የኪዩብ። በዚህኛው አጠራር የድሮው ሲ-25 ሲ20/25 ይሆናል። አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ «ሲ-25 ኮንክሪት» ብሎ እትሙን ካልጠቀሰ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ 25ን እንደ ሲሊንደር ጥንካሬ ወስዶ ቢያሰላ ኮንክሪቱን ከእውነቱ በአንድ አራተኛ አጠንክሮ ያያል።

የመሬት መንቀጥቀጡ ክፍልም እንዲሁ ነው። የ1995ቱ በአማካይ በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል የሚባለውን የመሬት እንቅስቃሴ መነሻ ሲያደርግ፣ የ2015ቱ በ475 ዓመት አንድ ጊዜ የሚጠበቀውን፣ ማለትም የበለጠ ኃይለኛውን፣ ይወስዳል። «እንደ አገሪቱ ደረጃ» የሚል ያለ ዓመት የተጻፈ ዋቢ ከሁለቱ የትኛውን እንደተከተለ ማወቅ አይቻልም። የአዲሱ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረጃ ሙሉ ስያሜ ኢኤስ ኢኤን 1998፡2015 መሆኑም ሌላ ወጥመድ ነው፤ 1998 የሰነዱ መለያ ቁጥር እንጂ የታተመበት ዓመት አይደለም።

በኢትዮጵያ የሚጻፉ ሥራዎች የዘመን አቆጣጠር ጥያቄም አለባቸው። የኢትዮጵያ ዘመን ከአውሮፓው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደኋላ ስለሚቆጠር፣ ሽፋኑ ላይ «2005» የሚል ሰነድ በ2012/13 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሊሆን ይችላል። የተሻለው አሠራር በሰነዱ ላይ ያለውን ዓመት እንዳለ ጽፎ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መለየት፣ በውጭ ቋንቋ ሲጻፍም ሁለቱንም ማስቀመጥ ነው።

የኢትዮጵያውያን ስሞች

የአይ-ትሪፕል-ኢም ሆነ ሌሎቹ ሥርዓቶች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላላቸው ሰዎች ነው። ኢትዮጵያዊ ግን በተለምዶ የቤተሰብ ስም የለውም፤ ከስሙ የሚከተለው የአባቱ ስም ነው። ደራሲው አበበ ከበደ ነው እንበል። በሥርዓቱ መሠረት «አ. ከበደ» ይሆንና በፊደል ተራ ሲደረደር በ«ከ» ሥር ይገባል። በውጤቱ አበበ ጠፍቶ፣ ምናልባት አንድም መስመር ያልጻፉት አቶ ከበደ ደራሲ ሆነው ይቀራሉ። እህቱ አልማዝ ከበደም መሐንዲስ ብትሆን «አ. ከበደ» ናት፤ ሁለቱን የሚለይ ነገር አይቀርም። በፓስፖርቱ መሠረት የአያቱን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ያስገባ ደራሲ ደግሞ በአንዱ ጽሑፍ በአባቱ፣ በሌላው በአያቱ ስም ይጠቀስና ሥራው ለሁለት ይከፈላል።

በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍ ይህ ከታወቀ ቆይቷል። ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን የሚደረድረው በራሳቸው ስም ነው። የምህንድስና መጽሔቶች ግን ይህን ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ አያደርጉም፤ ቢብቴክም የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ይወስዳል። ጠቃሹ ማድረግ የሚችለው ስሙን በታተመበት መልክ መያዝና መመሪያው ከፈቀደ ሁለቱንም ስም ሳያሳጥር መጻፍ ነው። ደራሲው በበኩሉ ከመጀመሪያው ጽሑፉ ጀምሮ አንድ አጻጻፍ ቢመርጥና ኦርኪድ የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለተመራማሪዎች በነጻ የሚሰጠውን ባለ 16 አኃዝ መለያ ቁጥር ቢያወጣ ብዙ ችግር ይቀልለታል።

ድረ ገጽ፣ ሶፍትዌርና ዳታ

የድረ ገጽ አድራሻ ይለወጣል ወይም ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ድረ ገጽ ሲጠቀስ የታየበት ቀን አብሮ ይጻፋል። ለመጽሔት ጽሑፎች ዲኦአይ የተባለው መለያ አለ፤ አሳታሚው አድራሻውን ቢቀይርም ዲኦአዩ ስለማይለወጥ፣ ካለ እሱን መጻፍ ይመረጣል። ዋቢው በእውን መኖሩን ለማጣራትም ፈጣኑ መንገድ ዲኦአዩን ከፍቶ የሚመጣው ርዕስ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን ማየት ነው።

ሶፍትዌር ሲጠቀስ ስሙ ብቻ አይበቃም፤ የትኛው ስሪት እንደሆነ መገለጽ አለበት። አንድ ፕሮግራም በሁለት ስሪቶቹ ለአንድ ጥያቄ የተለያየ መልስ ሊሰጥ ይችላል። ከጊትሀብ የተወሰደ ኮድም ደራሲው፣ የስሪቱ መለያና የተወሰደበት ቀን ይጻፍለታል። ለሥልጠና ወይም ለሙከራ የዋለ የዳታ ስብስብም እንደ ጽሑፍ ሁሉ የራሱ ዋቢ ይገባዋል።

ይህን የመሰሉ የመዝገበ ዕውቀት ገጾች ማንም ሰው በማንኛውም ሰዓት የሚያርማቸው ናቸው። ለመመረቂያ ጽሑፍ በዋቢነት አይመከሩም፤ በግርጌያቸው ወደሚጠቀሱት ምንጮች ወርዶ እነሱን አንብቦ መጥቀስ ይገባል።