ተሳቢው ሲገፋ

ጁባ ውስጥ ውሃ በመኪና ይሄዳል። ከነጭ ዓባይ የተቀዳውን ውሃ በየሰፈሩ የሚያደርሱት ቦቴዎች ናቸው፤ በዚህ ሥራ ላይ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ለዓመታት በብዛት ሲሠሩ ኖረዋል። አማራትን የመሰሉ ሰፈሮች የሚያውቁት ይህንኑ የውሃ መንገድ ነው።

የውሃ ሂሳብ ቀላል ነው፤ 1,000 ሊትር አንድ ቶን ይመዝናል። 2,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር ባለሁለት ጎማ ተሳቢ ላይ ጭኖ ከትንሽ ትራክተር ጋር ያሰረ ሰው ግን ሌላም ሂሳብ አለበት። ታንከሩ እስከ ግማሽ ብቻ ከተሞላ፣ ፍሬን ሲያዝ ውሃው ወደ ፊት ይናጣል፤ ሲነሳ ወደ ኋላ፣ ሲጠመዘዝ ወደ ጎን። ሙሉው ታንከር ከባድ ነው፤ ጎዶሎው አመለኛ ነው። ሰው ትራክተር ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት የፈረስ ጉልበት እንዳለው ነው። የፈረስ ጉልበት የሚጠቅመው ለመነሳት ነው። ለመቆም የሚያስፈልገው ግን የራሱ የትራክተሩ ክብደት፣ ፍሬኑና ተሳቢው የታሰረበት ቁመት ነው።

የማሰር ጥበብ ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ሞፈር ከቀንበር ጋር በምራን ይታሰራል፤ ቀንበሩ በበሬዎቹ ጫንቃ ላይ ያርፋል፤ ገበሬው እርፉን ይዞ ከኋላ ይከተላል። ማረሻው ከድንጋይ ወይም ከዛፍ ሥር ጋር ሲያያዝ በሬዎቹ ይቆማሉ። ገበሬው እርፉን ነቅነቅ አድርጎ ያላቅቅና ይቀጥላል። በሬ ሲከብደው ያውቃል። ትራክተር አያውቅም።

የትንሽ ትራክተር ማያያዣ ታሪክም የሚጀምረው ከዚህ አለማወቅ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሃሪ ፈርጉሰን የተባለ የአየርላንድ መካኒክ ትራክተሮች እንዴት እንደሚያርሱ እንዲከታተል ተመድቦ ነበር። በሰንሰለት ወይም በብረት ዘንግ ብቻ የሚጎተተው ማረሻ መሬት ውስጥ ሲያዝ፣ የኋላ ጎማዎቹ መሽከርከር ያቅታቸውና የሞተሩ ጉልበት የትራክተሩን አፍንጫ ወደ ላይ ያነሳዋል። የዚያ ዘመን ፎርድሰን ትራክተር ነጂውን ከሥሩ አድርጎ ወደ ኋላ በመገልበጥ ክፉ ስም ነበረው። የፈርጉሰን መልስ ማረሻውን በሦስት ነጥብ ከትራክተሩ አካል ጋር ማጣበቅ ሆነ፤ ሁለት ክንድ ከታች፣ አንድ ከላይ። ማረሻው ሲያዝ የላይኛው ክንድ ትራክተሩን ወደ ፊት ስለሚገፋው የፊት ጎማው መሬቱን ይበልጥ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1938 ከሄንሪ ፎርድ ጋር በእጅ መጨባበጥ ብቻ ተስማምቶ በዓመቱ ፎርድ 9ኤን የተባለው ትራክተር ወጣ። መጨባበጡ በኋላ ፍርድ ቤት አድርሷቸው በ1952 ፈርጉሰን 9.25 ሚሊዮን ዶላር አግኝቷል። ቲኢ20 የተባለችው ትንሿ ግራጫ ትራክተሩ ከ500,000 በላይ ተመርታለች፤ ኤድመንድ ሂላሪ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1958 ደቡብ ዋልታ የደረሰው ሸርተቴ በሚጎትቱ በእነዚሁ ትራክተሮች ነው።

ፈርጉሰን የፈታው ግን የማረሻን ችግር ነው። ከኋላ ሦስት ክንድ መኖሩን ያየ ሰው ሁሉን ነገር እዚያ ላይ ማሰር ሲጀምር አደጋው ተመልሶ ይመጣል። ግንድ፣ ጭቃ የያዘው መኪና፣ ከባድ ተሳቢ፣ እነዚህ የሚጎተቱት ከኋላ ዝቅ ብሎ ከተሠራው መጎተቻ ብቻ ነው። ሰንሰለቱ ከኋላ አክስል በላይ፣ በተለይም የላይኛው ክንድ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ከታሰረ፣ ትራክተሩ በራሱ አክስል ላይ ለመዞር የሚፈልገውን ሁሉ አግኝቷል ማለት ነው። በክረምት መረሬ አፈር ውስጥ ጎማው የተቀበረ ትራክተር በዚህ ረገድ ከሁሉ የከፋ ነው። ጎማው መዞር ስለማይችል ፍሪሲዮን በድንገት ሲለቀቅ የሚዞረው ትራክተሩ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ለመገልበጥ 1.5 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል፤ ከግማሹ በኋላ ነጂው ፍሪሲዮን ቢረግጥም አይመልሰውም። ሰው አደጋውን አይቶ እግሩን እስኪያንቀሳቅስ ያ ጊዜ አልፏል።

ትራክተር በኢትዮጵያ በብዛት የታየው ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት የሁመራ የሰሊጥና የማሽላ እርሻዎች፣ ኋላም በደርግ ዘመን ናዝሬት ላይ የተቋቋመው የትራክተር መገጣጠሚያ፣ ሁለቱም ያሰቡት ሰፊ ማሳና ትልቅ ማሽን ነበር። ከድንበር ማዶ የደቡብ ሱዳኗ ሬንክም ያው ናት፤ ዲስክ የሚጎትት ትራክተር በረጅሙ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ሲፈቀድ ማሽኑ ወደ ደጋውም መውጣት ቀለለው። ደጋው ግን ቁልቁለት ነው።

ለትንንሽ ማሳ ከታሰቡት አንዱ «ዎኪንግ ትራክተር» የሚባለው ባለሁለት ጎማ ማሽን ነው። ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል (ሲሚት) እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአውስትራሊያ ገንዘብ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በዚምባብዌ ሞክሮታል። ከ8 እስከ 20 የፈረስ ጉልበት ያለው ሆኖ ያርሳል፣ ይዘራል፣ መውቂያ ያዞራል። ባንግላዴሽን በመሰሉ አገሮች ተሳቢ ታስሮበት በጭነት ሥራም የታወቀ ነው። የእርሻው ወቅት አጭር ነው፤ ጭነት ግን ዓመቱን ሙሉ አለ፤ ስለዚህ ባለማሽኑ ተሳቢ መግዛቱ አይቀርም።

እዚህ ላይ ከሌላ ማሽን የማይጠበቅ ነገር ይመጣል። ይህ ትራክተር መሪ የለውም፤ በግራና በቀኝ እጀታው ላይ ባሉ ሁለት መያዣዎች ይታጠፋል። የግራው ሲጨበጥ ወደ ግራ ጎማ የሚሄደው ጉልበት ይቋረጥና ማሽኑ ወደ ግራ ይዞራል። ሜዳ ላይ እንዲህ ነው። ቁልቁለት ላይ ተሳቢው ከኋላ ሲገፋ ግን ሞተሩ ሁለቱንም ጎማ ይዞ የሚያዘገየው እንጂ የሚነዳው አይደለም። የግራው መያዣ ሲጨበጥ የግራ ጎማ ከሞተሩ ያዥነት ይለቀቅና ይፈጥናል፤ ማሽኑም ወደ ቀኝ ይዞራል። ሜዳ ላይ አንድ ወር የለመደ እጅ ቁልቁለቱ ላይ ገደል የሚመራው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ላይ የአብዛኞቹ ፍሬን ያለው ተሳቢው ላይ ነው፤ ተሳቢውን በርካሽ አሠርቶ ፍሬኑን የተወ ሰው ያለ ፍሬን እየሄደ ነው።

ባለአራት ጎማውም ቢሆን ከቁልቁለት ሕግ አያመልጥም። የዓባይን በረሃ የሚወርድ የከባድ መኪና ሹፌር ከጎሐ ጽዮን ወርዶ የዓባይ ድልድይ እስኪደርስ ሞተሩ እንዲይዝለት በዝቅተኛ ማርሽ እንደሚሄደው፣ ትራክተርም ማርሹን ከላይ መርጦ ነው የሚወርደው። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ መንከባለል ተሳቢውን ነጂ ማድረግ ነው። ለማሳ ተብለው ለየብቻ የተሠሩት የግራና የቀኝ ፍሬን መርገጫዎችም መንገድ ላይ በማያያዣቸው አንድ መሆን አለባቸው። አለዚያ አንዱ ብቻ ሲረገጥ ትራክተሩ ወደ አንድ ጎን ይጠማዘዝና ተሳቢው ከኋላ መጥቶ እንደ ሴንጢ ይዘጋበታል።

ክብደትን በተመለከተ አሜሪካ ውስጥ የተለመደው መመሪያ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከትራክተሩ ክብደት ከአንድ ተኩል እጥፍ አይብለጥ፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር አይለፍ ይላል። አንድ ቶን የምትመዝን ትንሽ ትራክተር በዚህ መለኪያ አንድ ቶን ተኩል ትጎትታለች። ያ 2,000 ሊትር ውሃ የተሳቢው ብረት ሳይቆጠር ከመስመሩ ወጥቷል። የጭነቱ አቀማመጥም ያው ነው። ሰሊጡ ወደ ኋላ ከተከመረ የተሳቢው ዘንግ የትራክተሩን ጀርባ ያነሳል፤ የኋላ ጎማ መሬት ካልያዘ ፍሬንም የለም። ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ የፊት ጎማ ይቀልና መሪው ቢዞርም ትራክተሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ከማሳ ወጥቶ አስፋልት ላይ የሚወጣ ትራክተር ሌላ ችግር ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጠናቀቀው 192 ኪሎ ሜትሩ የጁባ–ኒሙሌ መንገድ የኡጋንዳን ጭነት የሚያመጡ ከባድ መኪናዎች የሚበሩበት ነው። በሰዓት 90 የሚሄድ መኪና ከፊቱ በ20 የሚሄድ ትራክተር ካለ፣ 100 ሜትሩ ርቀት በአምስት ሰከንድ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተፈለሰፈው ብርቱካናማ ሦስት ማዕዘን የተሠራው ለእነዚህ አምስት ሰከንዶች ነው። ከተሳቢው ጀርባ ይለጠፋል፤ ጭነቱ ሲሸፍነው ግን ዋጋ የለውም።

ከትራክተሩ ወጥቶ መውቂያን የመሰለ መሣሪያ ስለሚያዞረው ጉልበት ማውጫ ዘንግ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በደቂቃ 540፣ በሰከንድ 9 ጊዜ ይዞራል። የነጠላ ጫፍ ከያዘ በአንድ ሰከንድ ሁለት ሜትር ያህል ይጠቀልላል። መሸፈኛው ለጽዳት ተብሎ ከተነቀለ ተመልሶ ሳይገጠም ሞተሩ መነሳት የለበትም።

በጭቃ መከላከያው ላይ የተቀመጠ ልጅ፣ ተሳቢው ላይ የተጫኑ የቀን ሠራተኞች፣ ይህ ሁመራም መተማም የታየ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ ትራክተር ሁሉ ላይ የመገልበጥ መከላከያ ብረት ባስገደደች ጊዜ የጠበቀችው ነጂውን ብቻ ነበር። በ100,000 ትራክተር 17 የነበረው የመገልበጥ ሞት በ1990 ወደ 0.3 ወርዷል። ብረቱ በደንብ የሚሠራው ግን ነጂው ቀበቶ ካሰረ ነው፤ ጭቃ መከላከያው ላይ ለተቀመጠው ቀበቶም ወንበርም የለውም።

ሁሉን የሚይዘው ፒን ነው። ለትንንሾቹ ትራክተሮች የታችኛው ክንድ ፒን 22 ሚሊ ሜትር፣ የላይኛው 19 ነው። ሲጠፋ ጋራዥ ውስጥ ከፌሮ ብረት ተቆርጦ ይተካል፣ ወይም ቀጠን ያለ ቡሎን ይገባበታል፤ መቆለፊያው ደግሞ ሚስማር ይሆናል። ቀጭኑ ቡሎን በቀዳዳው ውስጥ እየተንኳኳ ክቡን ቀዳዳ እንቁላል ያደርገዋል። ከዚያ ወዲያ እውነተኛው ፒን ቢመጣም ይላወሳል። ከጎኑ የተሳቢውን ሙሉ ክብደት የሚችል ሰንሰለት ከመጎተቻው ሥር ተጠላልፎ ካለ፣ የመጎተቻው ፒን የወጣ ዕለት የተሳቢው ዘንግ መሬት ሳይነካ ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል።