ካዚኖ ውስጥ በተከታታይ ስትበሉ ጭንቅላታችሁ ምን ይሆናል?

የዛሬው ርዕስ ከወትሮው ወጣ ያለ ነው። በተለይ ከላስ ቬጋስና ከሜሪላንድ የምትጽፉልኝ አንዳንዶቻችሁ "ዶክተር፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ልቤ ይመታል፣ የእንቅልፍ ኪኒን ንገረኝ" ትሉኛላችሁ። ትንሽ ስንጫወት ነገሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ ካዚኖ ውስጥ በጥሬ ገንዘብ ፖከር ትጫወታላችሁ፣ ሰሞኑን ደግሞ በተከታታይ እየተበላችሁ ነው። ኪኒኑ እዚህ ጋ ብዙም አይረዳም።

"ቁማር መጥፎ ነው፣ ተዉት" ብዬ ማለፍ ይቻላል። ግን ይሄን እናታችሁም ነግረዋችኋል። ስለዚህ ወደ ቁም ነገሩ እንግባ።

በመጀመሪያ፣ ፖከር ላይ ተከታትሎ መበላት በራሱ የገድ ማጣት ምልክት አይደለም። በቴክሳስ ሆልደም ከሁሉም የሚበልጠው መነሻ ሁለት አስ ነው አይደል? እሱ እንኳ ምንም ካርታ ከያዘ አንድ ተጋጣሚ ጋር እስከ መጨረሻው ቢሄድ ከ100 ጊዜ 15 ጊዜ ያህል ይሸነፋል። ካዚኖ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ በሰዓት የሚታደለው 30 ዙር ገደማ ነው። 100 ሰዓት ብትጫወቱ 3000 ዙር መሆኑ ነው፤ ይሄ ትንሽ ቁጥር ነው፣ ጎበዝ የሚባል ተጫዋችም በ100 ሰዓት ውስጥ ሊከስር ይችላል። በዚያ ላይ ካዚኖው ከየዙሩ የራሱን ድርሻ ይቆርጣል። ስለዚህ እኩል ችሎታ ያላቸው ሰዎች ጠረጴዛ ከከበቡ ሁሉም ቀስ በቀስ ይበላሉ ማለት ነው።

እኔን እንደ ሐኪም የሚያሳስበኝ ከመበላቱ በኋላ የሚመጣው ነው። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሰው ሲያጣ የሚሰማው ሕመም ያንኑ ያህል ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ ይበልጣል፤ ኪሳራ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ከወትሮው የበለጠ አደጋ ይደፍራል። ጠረጴዛው ላይ ይሄ ምን ይመስላል? በደህና ጊዜ የምትጥሉትን ካርታ ይዛችሁ ትገባላችሁ፣ "እየዋሸ ነው" እያላችሁ ትከፍላላችሁ። ተጫዋቾች ቲልት የሚሉት ይሄንን ነው። አድሬናሊን ተለቅቋል፣ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፤ አመዛዝኖ የሚወስነው የፊተኛው የአእምሮ ክፍል ደግሞ ወደ ኋላ ይላል።

እንቅልፍ ሲጨመርበት ይብሳል። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱና የምላሹ ፍጥነት በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይሆናል። የሌሊት ሺፍት ጨርሳችሁ ወይም ታክሲ ስትነዱ ውላችሁ በቀጥታ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጡ ሰዎች፣ ሳትጠጡ ሞቅ ብሏችሁ እየተጫወታችሁ ነው። ካዚኖ ውስጥ በነጻ የሚቀርበውን መጠጥ ሳልቆጥር ነው እንግዲህ።

"አሁንስ ሊዞርልኝ ነው" የሚለው ስሜትም አለ። በነሐሴ 1913 ሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ውስጥ ሩሌቱ 26 ጊዜ በተከታታይ ጥቁር ላይ አረፈ። ሰዎቹ "አሁን ቀይ መውጣቱ አይቀርም" እያሉ ገንዘባቸውን ቀይ ላይ አፈሰሱ። ኳሷ ግን ትዝታ የላትም፤ ካርታም እንደዚያው።

ታዲያ ምን እናድርግ? የሰዓትና የገንዘብ ገደባችሁን ከቤት ሳትወጡ ወስኑ፤ ጠረጴዛ ላይ የሚወስነው ሰው ሌላ ሰው ነው። የባንክ ካርዳችሁን ቤት ተዉት። የዕቁብ ብር፣ የቤት ኪራይ፣ ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ በምንም ተአምር ቺፕስ አይሁን። እያንዳንዱን ቀን በደብተር መዝግቡ፤ ስንት ሰዓት፣ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ። ያሸነፍንበትን ቀን አጉልቶ ማስታወስ የሰው ሁሉ ጠባይ ነው፣ ደብተር ግን አያዳላም። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ፣ እባካችሁ ጨዋታ ላይ ሆናችሁ ሰዓቱ አይለፋችሁ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ አቁሙና ራሳችሁን ተመልከቱ። ይሄ የኔ መለኪያ ነው እንጂ ምርመራ አይደለም። ስታቆሙ የምትነጫነጩ ከሆነ፣ የተበላውን ለማስመለስ ተመልሳችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ ለትዳር ጓደኛችሁ የምትዋሹ ከሆነ፣ መጠኑን እየጨመራችሁ ከሆነ ጉዳዩ ከካርታ አልፏል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከ2013 ጀምሮ የቁማር ሕመምን ከሱስ ሕመሞች ጋር መድቦታል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ9 ምልክቶች 4 ከተገኙ ሕመም ነው። ሕክምና አለው፤ ዋናው በንግግር የሚሰጠው የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። ሜሪላንድ ያላችሁ ካዚኖ እንዳያስገባችሁ በፈቃዳችሁ ስማችሁን የምታስመዘግቡበት የግዛቱ መዝገብ አለ። አገር ቤት ያላችሁ የሥነ አእምሮ ክፍል ያለው ሆስፒታል ሂዱ፤ አዲስ አበባ ለምሳሌ አማኑኤል አለ።

ብዙ ገንዘብ ያጣ ሰው ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ሊመጣበት ይችላል፤ ይሄን በቀላሉ አትዩት። ወንድማችሁ "ለሁላችሁም ባልኖር ይሻላል" ካለ በግልጽ ጠይቁት፣ ብቻውን አትተዉት። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። አሜሪካ ከሆናችሁ 988 ላይ በማንኛውም ሰዓት መደወል ይቻላል። ዕዳ ልትከፍሉለት ከፈለጋችሁም በእጁ አትስጡት፣ በቀጥታ ለአበዳሪው ክፈሉ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። ለፓርኪንሰን የሚሰጡ እንደ ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል ያሉ መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው አሪፒፕራዞል፣ አንዳንድ ሰው ላይ የቁማር ፍላጎትን ከቁጥጥር ውጭ ያደርጋሉ። አባታችሁ ወይም እናንተ ከእነዚህ አንዱን ከጀመራችሁ በኋላ ቁማሩ ከመጣ ወይም ከባሰ ለሐኪማችሁ ንገሩ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፤ መጠኑን የሚቀንሰው ወይም የሚቀይረው ያዘዘላችሁ ሐኪም ነው።